ባሕር ዳር ላይ ደኅና የነበረች መኪና ደብረ ማርቆስ ላይ በጭስ የምትወድቀው ለምንድን ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ያለችኝ መኪና ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ አሮጌዋ፣ ቤንዚንና አየር በካርቡሬተር የምትቀላቅለው። ባሕር ዳር ስሠራ ካርቡሬተሯ ተጠርጎ፣ ሚኒሞዋ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ልክ) ረግቶ፣ ጭስዋ በዓይን የማይታይ ነበረች። ሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያዛውረኝ እሷም አብራኝ መጣች። የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ወደ አንድ የምርመራ ተቋም ይዣት ገባሁ። ፍሬን አለፈች፣ መብራት አለፈች፣ መሪ አለፈች፤ በጭስ ወደቀች። መርማሪው ቀጭን ዘንግ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከትቶ ጥቂት ጠበቀ፤ ከማሽኑ የወጣችውን ቁራጭ ወረቀት ቀድዶ እጄ ላይ አኖረና ተከታዩን ባለ መኪና ጠራ። ወረቀቷ ላይ ቁጥር እንጂ ማብራሪያ የለም።

ማሽኑ የሚለካው ምንድን ነው? ያችው መኪና፣ ያው ካርቡሬተር፣ ሁለት ከተማ ላይ ሁለት ዓይነት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ባለ መኪናው ከምርመራው በፊት ማድረግ ያለበትስ ምንድን ነው? አንድ ልጨምር፤ ይህ ምርመራ ለአየሩ ታስቦ ነው ወይስ ለክፍያው?

መልሶቹ

የውይይቱ ክር ረዝሟል። አዲስ የሚመጡት ያንኑ ጥያቄ ደግመው ስለሚያነሡ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እነሆ አሰባስቤአለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለበጥኩም፤ ፍሬ ነገሩን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኩት። ስድብ ብቻ የሆነውን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 1 የፍኖተ ሰላሙ መካኒክ ነው። ሰላምታውን አሳጥሮ ወረቀቱን ሳያይ ምንም እንደማይል አስታወቀ፤ ቁጥሮቹን ጽፌ እንዳስቀምጥ ጠየቀ። በቤንዚን መኪና ላይ ማሽኑ አራት ነገር እንደሚያነብም አስረዳ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ኦክስጅን፣ እንዲሁም ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ፣ ማለትም ሃይድሮካርቦን። ሦስቱ በመቶኛ ይጻፋሉ። ሃይድሮካርቦን ግን ከሚሊዮን እጅ ስንቱ እንደሆነ ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ መቶዎችን አይቶ የሚደነግጥ ሰው መጀመሪያ መለኪያውን ማየት አለበት።

መልስ 2 የእኔ ነው። ወረቀቷ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፍኩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ 6.1 በመቶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 11.2 በመቶ፣ ኦክስጅን 0.6 በመቶ፣ ሃይድሮካርቦን 430።

መልስ 3 ከባሕር ዳር፣ ቪትዝ ከምታሽከረክር እኅታችን የመጣ ነው። በጨዋ አንደበት፣ ወንድሜ እያለች፣ መኪናዋን ቀዝቅዛ እንደማታስመረምር ገለጸች። ከቤት ወጥታ ከተማውን ጥሩ አድርጋ ትዞርና ሞተሩ ሲሞቅ ትገባለች፤ ወረፋ ላይም ሞተሩን አታጠፋም። ምክንያቱንም አውቃዋለች። ቀዝቃዛ ሞተር ለመነሣት ተጨማሪ ቤንዚን ይጠጣል፤ ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተርም (በአጭሩ ካታሊስት) ወደ 300 ዲግሪ ካልጋለ ሥራውን አይጀምርም። በብዙ አገር የምርመራ ሕግም የሞተሩ ዘይት ወደ 80 ዲግሪ ሳይደርስ ልኬት አይጀመርም። እኔ ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ ወረፋው ላይ አጥፍቼ ነበር የቆየሁት።

መልስ 4 መካኒኩ ተመልሶ ወረቀቷን ያነበበበት ነው፤ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ይመስለኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ብሎ ኦክስጅን ከጠፋ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለገባው አየር ቤንዚኑ በዝቷል። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ13 እስከ 15 በመቶ ይሆናል፤ የእኔ 11.2 መሆኑ ነዳጁ በግማሽ ተቃጥሎ እንደሚወጣ ይናገራል። ሃይድሮካርቦኑ ወደ ሺዎቹ ቢወጣ ኖሮ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው)፣ የካንዴላ ገመድ ወይም ቫልቮላ ይጠረጥር ነበር፤ አንዱ ሲሊንደር እሳት ሲስት ቤንዚኑ እንደገባ ይወጣልና። ኦክስጅኑ ከፍ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅ ቢል ደግሞ ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ላይሆን ይችላል፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተበስቶ አየር እያስገባ ነው፣ አለዚያም ዘንጉ በቂ ጥልቀት አልገባም። በመጨረሻ ቾኩን (ሞተር ሲነሣ አየሩን የሚያጠበውን ክዳን) በእጅ እንደምስብ፣ የአየር ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረና ሲነሣ ጥቁር እንደሚተፋ ጠየቀኝ።

መልስ 5 እዚሁ ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ስለ ሁለቱ ከተሞች ላነሣሁት ጥያቄ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ሰባት ስምንት በመቶ ይሆናል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የተስተካከለ መኪና ሽቅብ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል። ቪትዝን የመሰለ፣ ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥን መኪና ግን የአየሩን ግፊትና የጭሱን ኦክስጅን በመለኪያ እያነበበ ራሱን ያስተካክላል። ከባሕር ዳሯ እኅታችን ጋር የማንመሳሰለው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 6 ከእንጅባራ ነው፤ በመምህሩ ተደስቶ እነሱ ዘንድ ከፍታው ከዚህም እንደሚብስ አስታወሰና ደጋ ላይ ያለ መኪና ሁሉ በጭስ ምርመራ ምሕረት ሊደረግለት እንደሚገባ ተከራከረ። መልስ 7 መካኒኩ ነው፤ መምህሩን ሳይነካ ይህን አስተያየት አረመ። ከፍታው ይጨምራል እንጂ ብቻውን 6 በመቶ አያደርስም። የ600 ሜትር ልዩነት ካርቦን ሞኖክሳይዱን በአንድ በመቶ ወይም ከዚያ በጥቂት ቢያሳድገው ነው፤ የቀረው የፊልትሮ፣ የቾክ ወይም የካርቡሬተር ዕዳ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ካርቡሬተሩን ደጋ ላይ ያስተካክል፤ ምሕረት የሚባል ነገር የለም። መምህሩ በመልስ 8 ተስማሙ፤ ስሌታቸውን በአራት መስመር ደርድረው፣ ከዚያ በላይ እንዳይጠየቁ ካርቡሬተር ፈትተው እንደማያውቁ በቀልድ ጨመሩ።

መልስ 9 ላይ ወሬው መንገድ ቀየረ። የጻፉት በዕድሜ የገፉ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ በአዲስ አበባ እና በጎጃም መካከል ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682ን የነዱ። ረጅም ነው የጻፉት፤ ማሳጠሬን ይቅር ይበሉኝ። ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ የፊተኛው መኪና ጭስ የኋለኛውን መንገድ ይሸፍነው ነበር። ረዳቱ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ደጀን ሲደርስ ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው፤ ፊቱን ሲታጠብ ውኃው እንደ ቀለም ይጠቁራል። በዚያ ዘመን የማይጨስ መኪና ጉልበት የለውም ይባል ነበር። ጭስ መለካት ለእሳቸው የሥራ ፈት ሥራ ነው። ዳገቱ ራሱ ሞተር ያጸዳል፤ ከዓባይ የወጣ መኪና ደጀን ላይ ሲያርፍ ጭሱ ይቀንሳል።

መልስ 10 መካኒኩ ጋሼ ብሎ ጀመረ፤ ግን አልለሰለሰም። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣ ጥቁር ጭስ ጉልበት ሳይሆን ተከፍሎበት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ልኩ ለቆላ የተሠራ ሆኖ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ላይ ሲደርስ አየር ያጥረዋል፤ ናፍጣው ግን እንደ ፊቱ ይረጫል፤ ረዳቱን ያጠቆረው ያ ትርፍ ነው። ስለ ዳገቱ ግን ጋሼ ግማሽ እውነት አላቸው። ከተማ ለከተማ እያዘገመ የከረመ መኪና ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥላሸት ያከማቻል፤ ሞተሩ ግሎ በደንብ ሲሠራ ያ ይራገፋል። የነዳጅ አፍንጫው ያረጀ ሞተር ግን ዓባይን ቢመላለስበትም አይድንም። በዚያው የጭስ ቀለምን አስተማረ፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቮላው ጎሚኒ አልቋል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ከሆነ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። መልስ 11 ላይ ጋሼ ያኔ ናፍጣ ርካሽ እንደነበር ብቻ ጽፈው ተሰናበቱ፤ አልተሰናበቱም ግን፣ ወደፊት ይመለሳሉ።

መልስ 12 ከሞጣ ነው፤ ቁጣው ከፊደሉ ይታያል። ምርመራው ገንዘብ መልቀሚያ እንደሆነ፣ የወደቀ ሰው ደግሞ እየከፈለ እንደሚመላለስ፣ ማሽኑም ስለ መስተካከሉ ማንም እንደማይጠይቅ ጻፈ። ከ13 እስከ 15 ያሉት አጨበጨቡለት። መልስ 16 ላይ ሕግ የተማረ የሚመስል ሰው በሰከነ ቋንቋ ገባ። ዓመታዊው ምርመራ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያዘዘው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከተወሰነው ደረጃ በላይ መበከልን ይከለክላል። የሦስተኛ ወገን መድንም ራሱን የቻለ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 799/2005። ሰው ሁሉንም ቦሎ ብሎ ስለሚጠራው አንዱ የሌላው ክፍያ ይመስለዋል። ቀጥሎም ገደቦችን ዘረዘረ፤ ለቆዩ ካርቡሬተር መኪናዎች ካርቦን ሞኖክሳይድ 3.5 በመቶ፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. በፊት ለነበሩት 4.5፣ ካታሊስት ላላቸው በሚኒሞ 0.5፣ ሞተሩ ከፍ ሲል 0.3።

መልስ 17 ይህን ለቀም አደረገው። የጻፈው ሰው እነዚህ ቁጥሮች የአውሮፓ እንጂ የእኛ አለመሆናቸውን፣ ተቋሙ ፊት ቆሞ በአውሮፓ ቁጥር የሚከራከር ሰው እንደሚሳቅበት ሳይለዝብ ነገረው። ሕግ አዋቂው ለማነጻጸር እንጂ ለሙግት እንዳላመጣቸው መለሰ፤ ባለ መኪናው ማድረግ ያለበት ለእሱ ሞዴልና ዘመን የተሠራበትን ገደብ መርማሪውን ጠይቆ በወረቀቱ ጎን ማጻፍ ነው። እኔም የማዝንበት ይኸው ነው። ምርመራውን አልጠላም፤ የወደቀ ሰው በስንት እንደወደቀ እንጂ ስንት ላይ ማለፍ እንደነበረበት ሳይነገረው ሲሸኝ ግን የሞጣው ሰው ጩኸት ባዶ አይደለም።

መልስ 18 ደግሞ ከቡሬ፣ ናፍጣ ዶልፊን ያለው ሰው ነው። ክሩን ያነደደው እሱ ነው። ምርመራ ሲደርስ የፖምፓዋን ብሎን ጥቂት አዙሮ ናፍጣውን እንደሚቀንስ፣ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ወደነበረበት እንደሚመልስ፣ ዓመት በዓመት እንደሚያልፍ በኩራት ጻፈ። በተቀነሰ ናፍጣ ዳገት አይወጣም፤ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ መቅረት ደግሞ ከጭስ የባሰ አደጋ ነው የሚል ነው ክርክሩ።

መልስ 19 እዚህ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አንደበቷን አልቆጠበችም። ዶልፊኑ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠራ ጭሱን የሚጠጡት ቆሎ የሚሸጡ ሕፃናት መሆናቸውን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተራ እንዳስገባው፣ ብሎን እያዞሩ ማለፍ ብልጠት እንዳልሆነ ጻፈች። የእኔንም የመክፈቻ ጽሑፍ አልማረችም። ጭስዋ በዓይን አይታይም ያልኩትን ነጥላ አወጣችው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ 6 በመቶ የሚተፋ መኪና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ቢነሣ ባለቤቱን እዚያው ያስቀረዋል። ስለዚህ ዓይን የጭስ መለኪያ አይደለም።

መልስ 20 ዶልፊኑ ነው፤ ደመወዝ በወር መጨረሻ የሚጠብቅ ሰው የዕለት ገቢን እንደማይረዳ፣ የነዳጅ አፍንጫ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። 21 እና 22 ጎራ ለይተው የተወራወሩበት ነው፤ ልዝለለው። መልስ 23 ላይ ጋሼ ተመለሱ። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው አረጋጉ፤ ቀጥለውም ሁላችንንም ያስገረመ ነገር ጻፉ። አብሯቸው የሠራው ያ ረዳት በመጨረሻ ሳል ይዞት፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት እንደነበር፣ ምክንያቱ ትንባሆው ነው ሲሉ መኖራቸውን፣ አሁን ግን ነርሷ ያለችውን ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት። ሌላ አልጨመሩም። ለጥቂት ጊዜ የጻፈ አልነበረም።

መልስ 24 የዳንግላ መምህር ነው፤ ወደ ካታሊስት መለሰን። ያገለገለ ቪትዝ ገዝቶ በምርመራ ወደቀ። ፊልትሮ ለወጠ፣ ካንዴላ ለወጠ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ጎበዝ መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ የካታሊስቱን ቆርቆሮ በጎማ መዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ሆነ። ሲፈታ ውስጡ የለም፤ ቀፎው ብቻ ቀርቷል። ጤነኛው ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሴራሚክ ነው፤ በላዩ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቶበታል፤ ተሰርቆ የሚሸጠውም ለእነዚህ ሲባል ነው። ሻጩ ሲጠየቅ መኪናው እንዲፈጥን ታስቦ የተነቀለ ነው አለ። የጎጃም ሰው ማሩ የተወሰደበት ቀፎ ገዝቶ መመለሱ የሚያሳፍር መሆኑን ራሱ መምህሩ ሳቀበት።

መካኒኩ በ25 አከለበት። ካታሊስት ሦስት መርዞችን ነው የሚያክመው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሃይድሮካርቦንንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን። ቤንዚን እርሳስ በነበረበት ዘመን እርሳሱ ይገድለው ነበር፤ ዛሬ የሚገድለው ዘይት የሚበላ ሞተርና እሳት የሚስት ካንዴላ ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ሲነድ ሴራሚኩ ይቀልጣል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀብዱ በፊት የጭስ ወረቀት ይጠይቅ፤ የሞተር መብራቱም ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ሲነሣ መጥፋቱን ይይ። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ከ26 እስከ 30 ወሬው ተበተነ። አንዱ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፣ ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ የጭስ ጉዳይ በራሱ ጊዜ ያልቃል አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሌላው ጭስ ማውጫ እንኳ እንደሌለው ተመጻደቀ፤ ፍሬኑ፣ ጎማውና መብራቱ ግን እንደ ማንኛችንም እንደሚመረመር ተነገረው። ከባሕር ዳር አንዱ ብስክሌቱን አወደሰ፤ ከዚያ ስለ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ስፋት፣ ከዚያ ስለ ባጃጅ ብዛት ተወራ። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው የባለ ባጃጁ ጥያቄ ነበር። መንገድ ሲዘጋጋና ነዳጅ ሲጠፋ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። መካኒኩ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ጠርጥሮ በምርመራ ሳምንት ከማደያ ብቻ እንዲቀዳ መከረው፤ ነጭ ጋዝ በቤንዚን ሞተር ውስጥ በወጉ አይቃጠልም፣ ሃይድሮካርቦኑን ያንረዋል።

መልስ 31 የእኔ ነው፤ ውጤቱን የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ። እዚሁ ከተማ ካርቡሬተር የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ። ፊልትሮውን አውጥቶ በፀሐይ ላይ ሲያየው ብርሃን አያሳልፍም፤ የባሕር ዳርም የደጀንም አቧራ ተኝቶበታል። ዋናው ግን ቾኩ ነበር። የጮቄ ብርድ ባለበት ማለዳ ስቤው ስመልሰው ገመዱ እስከ መጨረሻው አይመለስም፤ ክዳኑ አንድ ጣት ያህል ሳይከፈት ይቀራል። ገመዱን ፈትቶ ቀባው፣ ፊልትሮ ቀየረ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞውን ለዚህ ከፍታ አስተካከለ። በአዲሱ ወረቀት ካርቦን ሞኖክሳይድ 2.3፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 13.6 ሆነ፤ አለፈች። ቤንዚንም ቀንሳለች፤ በስንት እንደሆነ ሳልለካ አልጽፍም። መምህሩ በ32 ስለ ከፍታው የጻፉትን የሚያፈርስ ነገር እንዳልተገኘ ሊያስመዘግቡ ወደዱ፤ ተመዝግቧል።

መልስ 33 ያልጠበቅነው ነበር፤ የቡሬው ዶልፊን። ያለ ሰላምታ የራሱን የናፍጣ ወረቀት አስቀመጠ፤ 3.8። ብሎን ሳያዞር ያስለካው መሆኑን ከመጻፍ በቀር ስለ ቀደመው ጠብ አላነሣም። ነርሷም ምንም አላለችውም።

መልስ 34 መካኒኩ ነው፤ ናፍጣ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡት። የናፍጣ ማሽን ጋዝ አይቆጥርም፤ በጭሱ መካከል ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተጋረደ ይለካል፤ የዶልፊኑ 3.8 የዚህ ልክ ነው። ማርሹ ነጻ ይሆናል፣ ፔዳሉ በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ይረገጣል፣ ሞተሩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ይለቀቃል። ይህ ይደጋገማል፤ የመጀመሪያዎቹ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት ለማራገፍ ናቸው፣ የሚያዘው የመጨረሻዎቹ አማካይ ነው። አውሮፓ ቱርቦ ለሌለው አሮጌ ሞተር 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3 ይፈቅዳል፤ በዚህ ሲታይ 3.8 ብዙ ነው። ከመሄዱ በፊት የሞተር ዘይቱን ልክ እና የታይሚንግ ቺንጋውን ዕድሜ ይይ፤ ያረጀ ቺንጋ በዚያ ርግጫ ሊበጠስ ይችላል፣ ያኔ ጥፋቱ የመርማሪው አይደለም። ቀጥሎ ከርካሹ ይጀምር፤ የአየር ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ከዚያ የነዳጅ አፍንጫዎቹን አስነቅሎ በመሞከሪያ ማሽን ማስረጨት። አፍንጫው ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት አለበት፤ ካንጠባጠበ ይቀየር። ፖምፓው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከተነካም በመሞከሪያ ጠረጴዛ ላይ ተለክቶ ለቡሬ ከፍታ ይታሰር እንጂ በመንገድ ዳር በመፍቻ አይደለም።

መልስ 35 ላይ ዶልፊኑ አራቱም አፍንጫ በአንድ ጊዜ መቀየር ይኖርባቸው እንደሆነ ጠየቀ። መካኒኩ ሳይሞከሩ አንዱንም እንዳይገዛ መለሰ፤ አርብ ፍኖተ ሰላም የሚያልፍ ከሆነ ይዟቸው ይምጣ፣ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ክፍት ነው።